መላምትና ቲዎሪ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች፣ በተለይ ሪሰርች ለምትጽፉ

ደሴም ኮምቦልቻም ሪሰርች እየጻፋችሁ ያላችሁ ልጆች ይሄን ነገር ቀድማችሁ አጥሩት፣ ብዙ ፕሮፖዛል የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

መላምት (ሀይፖተሲስ፣ ገና የሚፈተን ግምት) ስትጽፉ ትልቁ ስህተት «ተጽእኖ ሊኖረው ይችላል» ብሎ መጻፍ ነው። «የአየር ጠባይ በሊጥ መቡካት ላይ ተጽእኖ ሊኖረው ይችላል» አልክ እንበል፣ ምን ውጤት ቢመጣ ነው ተሳስቻለሁ የምትለው? ቢኖረውም ልክ ነህ ባይኖረውም ልክ ነህ፣ ሊወድቅ የማይችል ነገር ደግሞ መላምት አይባልም። ይልቅ እንዲህ በለው፦ በአንድ አይነት ዱቄት፣ በአንድ እርሾ፣ በእኩል ውሀ የተቦካ የጤፍ ሊጥ ኮምቦልቻ ላይ ከደሴ ቀድሞ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ኮምቦልቻ ይሞቃል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ልዩነቱን ወርዶ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን የሚፈተን ነገር ያዝክ። እንደውም ደሴ ላይ አንዱን ሊጥ በኮምቦልቻው ሙቀት ልክ በሞቀ ክፍል አስቀምጠው፣ ምክንያቱ እውነት ሙቀት ብቻ ከሆነ እሱም ከኮምቦልቻው ጋር እኩል መድረስ አለበት፣ ካልደረሰ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው።

እሺ ሰራልኝ ብለህ ደግሞ «ቲዎሪ አገኘሁ» እንዳትል። መላምት ሲረጋገጥ ቲዎሪ፣ ቲዎሪ ሲረጋገጥ ህግ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው ግን እንደዛ አይደለም። የሊጡ መላምት ራሱ የወጣው ከቲዎሪ ነው፣ ሊጥ የሚቦካው በአይን በማይታዩ ህይወት ባላቸው ነገሮች ነው ከሚለው፣ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፓስተር እኤአ ከ1857 ጀምሮ የሰራበት ጉዳይ ማለት ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት አመቶችም ሁሉ እኤአ ናቸው)፣ እነሱ ደግሞ ሲበርዳቸው ስራቸው ይዘገያል። ህግ ሌላ ነው፣ ምን እንደሚሆን ይነግርሀል፣ ለምን እንደሚሆን የሚያብራራው ቲዎሪው ነው። የኒውተን የስበት ህግ በ1687 ወጣ፣ አንስታይን በ1915 ስለ ስበት ያቀረበው ግን ቲዎሪ ነው፣ ዛሬም ቲዎሪ ነው፣ ወደፊትም ህግ አይሆንም።

«ኧረ እሱማ ቲዎሪ ነው እንጂ አልተረጋገጠም» ሲባል ስሰማ የምር ያመኛል፣ በተለይ እኛ አገር። ቬገነር የሚባል ጀርመናዊ በ1912 አህጉሮች ድሮ አንድ ላይ ነበሩ ከዛ ተለያይተው ሄዱ አለ፣ ማስረጃው ጥሩ ነበር ግን ምን እንደሚገፋቸው በደንብ ማስረዳት ስላልቻለ አብዛኞቹ ጂኦሎጂስቶች አልተቀበሉትም። በ1960ዎቹ ግን የባህር ወለል ሲጠና ወለሉ ራሱ እየተከፈተ አዲስ አለት እንደሚፈጠር ታወቀ፣ የፕሌት ቴክቶኒክስ ቲዎሪ (የምድር ቅርፊት ቀስ እያሉ የሚንቀሳቀሱ ትልልቅ ቁርጥራጮች ነው የሚለው) የተሰራው ያኔ ነው፣ ያውም የቬገነርን ሀሳብ እንዳለ ወስዶ ሳይሆን አስተካክሎ። አሁን ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከዛ ባቲን አልፈህ አፋር ድረስ መሬቱ ለምን እንደዛ እንደሚወርድ፣ በ1961 በአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ላይ ያለችውን ካራቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከየት እንደመጣ፣ እኤአ በ2005 መስከረም ላይ አፋር ዳባሁ እሳተ ገሞራ ጋ 60 ኪሎሜትር ያህል መሬት በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ለምን እንደተከፈተ፣ ሁሉንም ይሄው አንድ ማብራሪያ ነው የያዛቸው። ይሄን ነው እንግዲህ «ቲዎሪ ብቻ» የሚሉት።

ሌላው መላምቱ ሲወድቅ ደንግጦ ዳታ መነካካት ነው፣ እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ሌቬሪዬ የሚባል ፈረንሳዊ የዩራነስ መንገድ ለምን ተዛነፈ ብሎ አስልቶ ሌላ ፕላኔት መኖር አለበት አለ፣ በ1846 ኔፕቱን ተገኘ። በኋላ የሜርኩሪም መንገድ ሲዛነፍበት በዛው ስሌት እዛም ጋ ያልታየ ፕላኔት አለ አለ፣ ስም ሁሉ ወጥቶለት ነበር፣ ቩልካን ተብሎ፣ ሰው ለብዙ አመት ፈለገው፣ የለም። መዛነፉ ግን በታማኝነት ተመዝግቦ ስለቆየ አንስታይን በ1915 አዲሱን ቲዎሪውን የፈተነው መጀመሪያ በእሱ ነው፣ ልክ ገጠመለት።