የጥንት የፈረንሳይ ነጭ ሸክላ ሲሰበስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀማሪ ሰብሳቢን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው፣ ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቀውን የፈረንሳይ ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ መቁጠሩ ነው። ዕቃውን የሚያስተዋውቀው ነጩ ገጽ ሳይሆን የተሸረፈው ጠርዝ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ በኔቨር፣ በሩዋንና በሙስትዬ የተሠራው ፋያንስ፣ ማለትም በነጭ ቅብ የተሸፈነ ሸክላ፣ ነጭነቱን ያገኘው የቆርቆሮ ኦክሳይድ ከተጨመረበት ቅብ ስለሆነ፣ የተሸረፈበት ቦታ ላይ ከነጩ ንጣፍ ሥር ቀላ ወይም ቢጫ ያለ ሸክላ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በኋላ በእንግሊዞች ዘዴ ፋብሪካዎች ያመረቱት ፋያንስ ፊን የሚባለው ዕቃ ግን ሸክላው ራሱ ነጣ ያለ ነው። ፖርሴሊን ደግሞ ስስ ጠርዙን ወደ መብራት ሲያስጠጉት ብርሃን ያሳልፋል።

ሁለተኛው ስህተት የሻጭን ቃል ይዞ ዕቃው ላይ የታተመውን የፋብሪካ ማኅተም አለመመርመር ነው። የክሬይና የሞንትሮ የሸክላ ፋብሪካዎች የተዋሃዱት በ1840 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ የሁለቱን ስም በአንድነት የያዘ ሰሃን የ18ኛው መቶ ዘመን ነው ቢባል አይመኑ። ማኅተም አለመኖሩ ግን ዕቃውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ የቀድሞ ፋያንስ ብዙው ምልክት የለውም።

በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ጥፋት ዕድፍን በበረኪና ማንጻት ነው። ቅቡ ላይ የጸጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ፤ ቡናማ ዕድፍ የሚገባውም በእነርሱ በኩል ነው። በረኪናውም በዚያው መንገድ ውኃ ወደሚመጥጠው ሸክላ ይዘልቃል፤ ሲደርቅም የሚተወው ጨው እየጠጠረ ቅቡን ከሥሩ ገፍቶ ያነሣዋል። ለጥቂት ሳምንታት የነጣ ሰሃን ከጊዜ በኋላ እንደ ተላጠ ግድግዳ ይረግፋል፤ መመለሻም የለውም። ዕድፉን እንዳለ መተው ይሻላል፤ አቧራውን ለስላሳ ብሩሽ ያነሣዋል።

እነዚህን ዕቃዎች ለምግብ ማዋልም አይገባም፤ የጥንቱ ቅብ በአብዛኛው እርሳስ አለበት።

በመጨረሻ፣ የተሰበረ ሁሉ አይጣል። ጀርባው ላይ በብረት ሽቦ የተሰፋ ሰሃን ሲያጋጥምዎ፣ ቀድሞ የነበረው ባለቤት አዲስ ከመግዛት ይልቅ ለጠጋኝ ከፍሎ ያቆየው መሆኑን ይወቁ። ሽቦውን አይንቀሉት፤ ዝገቱ ወደ ሸክላው እንዳይገባም ሰሃኑን ውኃ ውስጥ አይዘፍዝፉት።