እቶን በሴራሚክ ፋይበር ሲለበጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴራሚክ ፋይበር (ሙቀት የሚቋቋም፣ ጥጥ መሰል የክር ዕቃ) ከእሳት ጡብ ይልቅ ቀላል በመሆኑና ብዙ ሙቀት በውስጡ ስለማያከማች፣ በየቀኑ ተለኩሶ ለሚጠፋ እቶን ነዳጅ ይቆጥባል። አዳማ ውስጥ ብረት የሚያሞቅ ወርክሾፕ ቢመርጠው አያስገርምም። ዕድሜው የሚያጥረው ግን ብዙውን ጊዜ በዕቃው ጉድለት ሳይሆን በአመራረጡና በአገጣጠሙ ነው።

ቀዳሚው ስህተት በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የመሥሪያ ሙቀት አድርጎ መውሰድ ነው። 1260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚለው ጽሑፍ የዕቃውን መደብ ያሳያል እንጂ እቶኑ ሌት ተቀን በዚያ ሙቀት ሊሠራ ይችላል ማለት አይደለም፤ ለተከታታይ ሥራ ቢያንስ 100 ዲግሪ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ክሩ ከ1000 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የመስታወትነት ባሕርይውን እያጣ ይኮማተራል፣ ይሰባበራልም። እቶኑ 1200 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ ዚርኮኒያ (ከፍተኛ ሙቀት የሚቋቋም ማዕድን) የተጨመረበትን የ1430 መደብ መግዛት፣ ዋጋው ቢወደድም፣ ሽፋኑን በየጊዜው ከመቀየር ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት ብላንኬቱን (እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ፋይበር) ሳይጨምቁ ጫፍ ለጫፍ አገናኝቶ መስቀል ነው። ስፋቱ 610 ሚሊ ሜትር የሆነ ብላንኬት 3 በመቶ ቢኮማተር 18 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈጠራል፤ ሙቀቱም በዚያ ሾልኮ የእቶኑን የውጭ ላሜራ ያገኘዋል። በእቶኑ ውጫዊ ገጽ ላይ ቀለሙ ቀጥ ባለ መስመር ተቃጥሎ ከታየ፣ ከጀርባው የተከፈተ መጋጠሚያ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ስለዚህ የአንዱ ንብርብር መጋጠሚያ በሌላው ሙሉ አካል እንዲሸፈን ማድረግ፣ ለእሳቱ ቅርብ የሆነውን ንብርብር ደግሞ ጨምቆ ወይም ጠርዙን ደርቦ መግጠም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ብላንኬቱን የሚይዘው ካስማ ከተራ ቶንዲኖ ከተበየደ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ተራ ብረት በከፍተኛ ሙቀት እየተቀረፈ ይበጠሳል፣ ጣሪያውም ይወርዳል። 310 ስቴንለስ ስቲል እስከ 1100 ዲግሪ ገደማ ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ የሴራሚክ መያዣ ያሻል። በያጁም የላሜራውን ዝገትና ቀለም ሞርዶ ካላነሳ ብየዳው አይይዝም።

ፋይበሩ የቀለጠ ብረት እንዲነካው ወይም የበርነር ነበልባል በቀጥታ እንዲመታው ማድረግም ስህተት ነው። በከባድ ጥቁር ናፍጣ የሚሠራ እቶን ከሆነ፣ በአመዱ ውስጥ ያሉት ቫናዲየምና ሶዲየም ክሩን እንደሚበሉት አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

የመጨረሻው ስህተት አቧራውን መናቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ፋይበር ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከተመደቡት መካከል አስቀምጦታል። ብላንኬቱን ደጅ አውጥቶ መቁረጥ መፍትሔ የሚመስለው ሰው አለ፤ የአዳማ ነፋስ ግን አቧራውን ወደ ጎረቤት ያሻግረዋል እንጂ አያጠፋውም። በሞተር መቁረጫ ፈንታ ስለታም ቢላዋ፣ በጨርቅ ማስክ ፈንታ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ የኤፍኤፍፒ3 ደረጃ ማስክ መጠቀም ይገባል። በሙቀት ብዛት ያረጀው ሽፋን ደግሞ ክሪስቶባላይት የተባለ ለሳንባ ጎጂ የሆነ ሲሊካ ሊይዝ ስለሚችል፣ ውኃ ረጭተው ካረጠቡት በኋላ ማንሳትና በወፍራም ፕላስቲክ አሽጎ ማስወገድ እንጂ ደረቁን በመጥረጊያ መጥረግ አይገባም።