ወደ ግላዲያተር ትርኢት ቡድን ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሮም ውስጥ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ማሠልጠኛ ያለውን ግሩፖ ስቶሪኮ ሮማኖን የመሰሉ ቡድኖች የግላዲያተሮችን (በጥንቷ ሮም ሕዝብ ፊት በመሣሪያ ይፋለሙ የነበሩ ሰዎችን) ፍልሚያ ለተመልካች ያሳያሉ። አዲስ ገቢ ብዙውን ጊዜ ፊልም ላይ ያየውን ይዞ ስለሚመጣ ስህተቱም ከዚያው ይጀምራል።

ሳይመደቡ ዕቃ መግዛት

ኪስ የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። በየገበያው የሚሸጠው ባለ ቀይ ጎፈር የራስ ቁር የወታደር እንጂ የግላዲያተር አይደለም። ግላዲያተሮችም በዓይነት የተከፋፈሉ ነበሩ። ሙርሚሎ ትልቅ ጎባጣ ጋሻና ቀጥ ያለ አጭር ሰይፍ ይይዛል። ትራክስ ጋሻው ትንሽ፣ ሰይፉ ቆልማማ ነው፤ የሁለቱም እግሮቹ መከላከያ ከጉልበት ያልፋል። ሬቲያሪዩስ መረብ፣ ባለ ሦስት ሹል ጦርና ጩቤ ይዞ ያለ ራስ ቁር ይገባል። አሳዳጁ ሴኩቶር ደግሞ መረቡ እንዳይዘው ልሙጥ፣ ሁለት ትንንሽ የዓይን ቀዳዳዎች ብቻ ያሉት ቁር ይደፋል። የትራክስ ሰይፍና የሙርሚሎ ጋሻ ገዝቶ የመጣ ሰው የሚመጥነው ቦታ የለም። ቡድኑ ተጋጣሚ ያጣለት የትኛው ዓይነት እንደሆነ እስኪታወቅ የእንጨት ሰይፍና የቡድኑ ጋሻ ይበቃሉ።

ቁሩን በትርኢቱ ቀን መሞከር

ፖምፔይ ላይ የተገኙት የግላዲያተር ቁሮች በአማካይ 4 ኪሎ ገደማ ናቸው፤ ከወታደሩ ቁር እጥፍ ይጠጋል። ፊት የሚሸፍን ቁር ግራና ቀኝ ማየትን ይከለክላል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ ትንፋሽን መልሶ ፊት ላይ ያፍናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁሩን ደፍቶ 5 ደቂቃ መቆም፣ ከዚያ መራመድ፣ ከዚያ ቅንብሩን (አስቀድሞ የተስማሙበትን የምቶች ቅደም ተከተል) በዝግታ መለማመድ ነው። ራስዎን ሲነቀንቁ ቁሩ የሚዞር ከሆነ ቀዳዳዎቹ ከዓይንዎ ይሸሹና ምንም ሳያዩ ይሰይፋሉ፤ ውስጡን በወፍራም ሱፍ ሞልተው የአገጩን ጠፍር ያጥብቁ። በቃል መግባባትም አይታመንም። ምልክቱ የሚታይ፣ ለምሳሌ የጋሻ ከፍታ ወይም አንድ እርምጃ መሆን አለበት።

የእውነት መምታት

የመድረክ ፍልሚያ የሁለት ሰዎች ስምምነት ነው። መቺው ክንዱን ያነሳል፣ ተቀባዩ ዝግጁነቱን ያሳያል፣ ምቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ክንድም ሰይፍም ሙሉ በሙሉ ሲዘረጉ ጫፉ ከተጋጣሚው አካል አንድ ስንዝር መራቅ አለበት። ወደ ተጋጣሚው ፊት መውጋት ጨርሶ አይፈቀድም። ምቱን አስደንጋጭ የሚያደርገው የተቀባዩ መንገዳገድ ስለሆነ ጉልበት መጨመር ትርፉ ጉዳት ነው። መረብ የያዘም እግር ከያዘ በኋላ አይጎትትም፤ ተጋጣሚው በራሱ ጊዜ ይውደቅ።

መፍጠን

ልምምዱ በሩብ ፍጥነት ይጀምራል፣ ወደ ግማሽ፣ ከዚያ ወደ ሦስት አራተኛ ያድጋል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ስህተት ሳይሠራ ደረጃ አይጨመርም። ተመልካች ሲጮህ ደም ይሞቃል፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይከተላል፣ ያኔ ጣት ይሰበራል። ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት ቅንብሩን እዚያው አሸዋ ላይ አንድ ጊዜ በዝግታ መሥራት ግዴታ ነው።

ብረቱን አለመፈተሽ

የሰይፉ ዳር ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ጫፉም ክብ ይሁን። ብረት ከብረት ሲጋጭ ጥርስ ያወጣል፣ ያ ጥርስ ቆዳ ይቀድዳል። በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት። እጀታው ከተወዛወዘ ሰይፉን ያስቀምጡት።

ሰልፉን መናቅ

የሮም ልደት በየዓመቱ ኤፕሪል 21 (ሚያዝያ 13) ሲከበር ቡድኖች በጥንቱ የሠረገላ መወዳደሪያ በቺርኮ ማሲሞ አካባቢ ይሰለፋሉ፤ የአክሱም ሐውልታችን እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ቆሞ የነበረው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። አሸዋ ላይ በባዶ እግር መፋለም ትክክል ቢሆንም በድንጋይ መንገድ ላይ ጫማ ያስፈልጋል፤ አዲስ ጠፍር ግን ያቆስላል፣ አስቀድመው ይልመዱት።

የፊልም ታሪክ መድገም

ፊልም ላይ ግላዲያተሮች የሚሉት «ሟቾች ሰላም ይሉሃል» የሚለው ንግግር የተመዘገበው በ52 እ.ኤ.አ. በፉቺኖ ሐይቅ ላይ በሮማው ንጉሠ ነገሥት በቀላውዴዎስ ፊት የባሕር ውጊያ ላሳዩ ወንጀለኞች ነው። «ይገደል» ማለት ነው የሚባለውን የወደ ታች አውራ ጣትንም ያስፋፋው በ1872 እ.ኤ.አ. የተሣለው የፈረንሳዊው ሠዓሊ የዤሮም ሥዕል ነው፤ ጥንታዊው ጽሑፍ ጣቱ «ዞረ» ይላል እንጂ ወዴት እንደሆነ አይናገርም። ፊልሞች የሚረሱት ግን ዳኛውን ነው። ረጅም በትር የያዘው ሱማ ሩዲስ በጥንት ሥዕሎች ከተፋላሚዎቹ አጠገብ ይታያል። ቡድንዎ ዳኛ ከሌለው እንዲኖረው ይጠይቁ፤ ቁር ውስጥ ያለ ሰው ያላየውን አደጋ አይቶ በትሩን በመሃል የሚያስገባ እሱ ብቻ ነው።