ግብር ሲከብድና አገልግሎት ሲጓደል፦ የመሃል አዲስ አበባ ነዋሪ ቅሬታውን በሕግ መንገድ እንዴት ያቅርብ?

በአራዳ፣ በልደታ፣ በቂርቆስና በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተሞች ከነጋዴውም ከደመወዝተኛውም የሚሰማው ምሬት በአንድ ጥያቄ የሚጠቃለል ይመስላል፤ የምንከፍለው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል የሚል ነው። ጥያቄውን ጠጋ ብሎ ለሚያየው ግን ሁለት የተለያዩ ቅሬታዎች በውስጡ ተጣብቀው ይገኛሉ። አንደኛው «የተጣለብኝ ግብር ከገቢዬ ጋር አይመጣጠንም» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከከፈልኩት ውስጥ በጤና ጣቢያው፣ በትምህርት ቤቱና በቧንቧ ውኃው በኩል የተመለሰልኝ የለም» የሚል ነው። ሁለቱም እውነተኛ ቅሬታዎች ናቸው፤ የሚቀርቡበት በር፣ የሚጠየቀው ማስረጃና የተወሰነላቸው ጊዜ ግን ፈጽሞ ይለያያል። በአንድ ደብዳቤ ተደባልቀው ሲቀርቡ የግብር ሠራተኛው የውኃው ጉዳይ እርሱን እንደማይመለከት፣ የወረዳው ኃላፊም የግብሩ ጉዳይ እርሱን እንደማይመለከት ተናግሮ ባለጉዳዩን ያሰናብተዋል፤ በዚህ መካከል የመቃወሚያው ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ቅሬታ ያለው ሰው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ሁለቱን ይለያቸው፤ ለእያንዳንዱም የራሱን ወረቀት ይጻፍ።

ሁለቱን የሚያገናኝ የሕግ መሠረት መኖሩን ማወቅ ግን ይጠቅማል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 100 ንዑስ አንቀጽ 2 ግብር በሚጣልበት ጊዜ ልኩና መጠኑ ግብሩ ከሚያስገኘው አገልግሎት ጋር የተመጣጠነ መሆን እንዳለበት ያዝዛል። ድንጋጌው በስም የሚጠራው የፌዴራል መንግሥቱንና ክልሎችን ቢሆንም፣ የከፈልኩትን ያህል አገልግሎት ላግኝ ብሎ መጠየቅ ልመና ሳይሆን ሕጋዊ መሠረት ያለው ጥያቄ መሆኑን በግልጽ ያሳያል። አንቀጽ 30 ደግሞ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ ነጻነትን በአንድ ላይ ያረጋግጣል። በደብዳቤ ውስጥ እነዚህን ሁለት አንቀጾች በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥቀስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጻፍ የሕግ ዝርዝር ዋናውን ጉዳይ ይሸፍነዋል።

የግብር ውሳኔን ስለ መቃወም

የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ሲደርስዎ አስቀድመው ሊያዩት የሚገባው ጠቅላላ ድምሩን አይደለም። ዋናው ግብር፣ ቅጣቱና ወለዱ እያንዳንዳቸው ስንት እንደሆኑ፣ የየትኛው የግብር ዘመን እንደሆኑና ውሳኔው በየትኛው አዋጅ ስንተኛ አንቀጽ ላይ እንደተመሠረተ ለይተው ያንብቡ። ሲፈርሙም የተቀበሉበትን ቀን በራስዎ እጅ ይጻፉበት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ይሁንና የመቃወሚያው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ማስታወቂያው ከደረሰበት ቀን ስለሆነ፣ ብዙ ክርክር የሚጠፋው በፍሬ ነገሩ ሳይሆን በዚህች ቀን ምክንያት ነው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለመቃወሚያ የሰጠው ጊዜ 21 ቀን ነው። አዲስ አበባ የራሷን የግብር ሕጎች የምታወጣ ከተማ ስለሆነች፣ ማስታወቂያው የጠቀሰውን የአዋጅ ቁጥር ይዘው አራት ኪሎ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነጋሪት ጋዜጣውን ከነማሻሻያው ይግዙ፤ የቀን ገደቡንም ከራሱ ከሕጉ ያረጋግጡ። ከሰው የተሰማ የቀን ቁጥር አይታመንም።

በመሃል ከተማ ያለውን አነስተኛ ነጋዴ ከሁሉ በላይ የሚያስመርረው የሽያጭ ግምት፣ ማለትም የግብር መሥሪያ ቤቱ ሱቁ በቀን ይህን ያህል ይሸጣል ብሎ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። በሐምሌ 2009 የቀን ገቢ ግምት ሲገለጽ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች እስከ መዘጋት የደረሱበት ምክንያት ይኸው ነበር። የግምቱ አሠራር ቀላል በመሆኑ ስሕተቱም በቀላሉ ይባዛል፤ ገማቹ የአንድ ሱቅ የቀን ሽያጭ ላይ 500 ብር አለአግባብ ቢጨምር፣ ሱቁ በዓመት 300 ቀን ይሠራል ተብሎ ሲታሰብ በዓመታዊ ሽያጩ ላይ የሌለ 150,000 ብር ይታከላል። በሐምሌ 2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የዝቅተኛ ግብር ከፋዮች የነበረውን ደረጃ «ሐ»ን አስቀርቶ ግብር ከፋዩን በ«ሀ» እና በ«ለ» ብቻ ስለ መደበና የሁለቱ መለያ የ2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ገቢ ስለሆነ፣ በዚህ ወሰን አካባቢ ላለ ነጋዴ የግምት ስሕተት ከሚከፈለው ገንዘብ አልፎ ደረጃውን ጭምር ሊቀይርበትና የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ሊያስከትልበት ይችላል።

ግምትን የሚረታው ማስረጃ ብቻ ነው። የማስረዳት ሸክሙ በሕጉ የተጫነው በግብር ከፋዩ ላይ ነውና «ይህን ያህል አልሸጥም» ብሎ መሐላ መግባት አንድ ብር አያስቀንስም። የዕቃ መግዣ ደረሰኞች፣ የሱቁ ኪራይ ውል፣ የባንክና የቴሌብር የሒሳብ መግለጫ፣ የካሽ ሬጅስተር የዕለት ማጠቃለያ፣ የመብራት ክፍያ ደረሰኝ ካለ ሁሉም በቀን ቅደም ተከተል ይሰብሰቡ። ደረሰኝ ለሌለው ቀን በየዕለቱ የተጻፈ የሽያጭ ደብተር ይረዳል፤ አቤቱታው ሲደርስ በአንድ ሌሊት የተሞላ ደብተር ግን ከቀለሙ ያስታውቃልና ጉዳትን ብቻ ያስከትላል። ሱቁ ያልሠራባቸው ቀናት በተለይ መረሳት የለባቸውም። የኮሪደር ልማቱ በ2016 በፒያሳ ከተጀመረ ወዲህ መንገዱ ተቆፍሮ ወይም መግቢያው ታጥሮ ደንበኛ ያልደረሰባቸው ሱቆች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ጊዜ ያጋጠመው ነጋዴ ቀን ያለበት ፎቶግራፍና የመንገዱን መዘጋት የሚያረጋግጥ የወረዳ ደብዳቤ አያይዞ፣ እነዚያ ቀናት ከስሌቱ እንዲወጡለት በግልጽ መጠየቅ ይችላል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል። በራስጌው ቀኑ፣ የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት፣ የግብር ከፋዩ ሙሉ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይቀመጣል። «ጉዳዩ» በሚለው ሥር «ለ2017 የግብር ዘመን የተወሰነብኝን የንግድ ሥራ ገቢ ግብር በመቃወም የቀረበ አቤቱታ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ቀጥሎ ሦስት ነገሮች መመለስ አለባቸው፤ የማልስማማው ከውሳኔው በየትኛው ክፍል ነው፣ በምን ምክንያት፣ እንዲስተካከልልኝ የምጠይቀውስ እንዴት ነው። ለምሳሌ «የቀን ሽያጬ 4,000 ብር ተብሎ የተገመተ ሲሆን፣ ከአባሪ 1 እስከ 3 ያሉት የግዢ ደረሰኞችና የባንክ መግለጫ የሚያሳዩት በአማካይ 2,600 ብር ስለሆነ፣ ስሌቱ በዚሁ መሠረት እንዲስተካከልልኝ አመለክታለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሁለት ገጽ ምሬት ይልቅ ይሠራል። የኑሮ ውድነቱን፣ የልጆችን ትምህርት ቤት ክፍያና የመንግሥትን ወጪ እዚህ ማንሳት የሚያሳዝን ቢሆን እንጂ የሚያስቀንስ አይደለም። ከግብሩ ውስጥ የማይከራከሩበት ክፍል ካለም አስቀድሞ ተከፍሎ ደረሰኙ ይያያዝ፤ አዋጁ ያልተካደው ግብር ሳይከፈል የቀረበን መቃወሚያ እንደ ቀረበ አይቆጥረውም።

ደብዳቤውን ለአንድ ሠራተኛ በእጁ ሰጥቶ መመለስ በጭራሽ አይገባም። መዝገብ ቤት አስገብተው፣ በእርስዎ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥሩንና ቀኑን አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ይውጡ። ሠራተኛው ቅጂው ላይ ማኅተም ማድረግ አያስፈልግም ቢል በትሕትና ኃላፊውን ይጠይቁ፤ ያለዚህ ወረቀት በጊዜው ስለማቅረብዎ ሌላ ምስክር የለዎትም።

በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት መሥሪያ ቤቱ በ180 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ግብር ከፋዩ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይችላል፤ ውሳኔ ተሰጥቶት ካልተስማማም ውሳኔው ከደረሰው አንሥቶ 30 ቀን አለው። ነገር ግን ኮሚሽኑ ይግባኙን የሚቀበለው ከሚከራከሩበት ግብር 50 በመቶው ሲከፈል ነው፤ ከዚያ በሕግ ጥያቄ፣ ማለትም ሕጉ በስሕተት ተተርጉሟል በሚል ምክንያት፣ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ ይህ ወደ 75 በመቶ ያድጋል። የአንድ አነስተኛ ሱቅ ባለቤት ግማሹን ከፍሎ ለመከራከር ያለው አቅም ምን ያህል እንደሆነ የታወቀ ነው። በእኔ እምነት ይህ ቅድመ ክፍያ አቅም የሌለውን ሰው ከፍትሕ ደጅ የሚመልስ ነውና ሊሻሻል ይገባዋል። እስኪሻሻል ድረስ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ያለዎትን ማስረጃ ሁሉ ለመጀመሪያው መቃወሚያ ያውሉት፤ ለኋላ ብለው የሚያስቀሩት ወረቀት አይኑር።

ስለ ደመወዝተኛው

ደመወዝተኛ ግብሩ ከእጁ ሳይደርስ ስለሚቆረጥ የሚከራከርበት ነገር የለው ይመስለዋል። ቢያንስ ስሌቱን ግን መፈተሽ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ገቢ ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው 15፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30፣ ከ14,000 በላይ ባለው 35 በመቶ ይቆረጣል። ስለዚህ 11,500 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ግብሩ 2,100 ብር ነው፤ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ 805 ብር ሲቀነስ እጁ የሚገባው 8,595 ብር ይሆናል። በቀድሞው ሰንጠረዥ ግብሩ 2,525 ብር ነበር። ከደመወዝዎ የሚቆረጠው ገና በቀድሞው ልክ ከሆነ ጥያቄው በመጀመሪያ የሚቀርበው ለመንግሥት ሳይሆን ለቀጣሪዎ የሒሳብ ክፍል ነው።

ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ስለ መጠየቅ

ሁለተኛው ቅሬታ የሚጀምረው ከበጀት ነው። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ለ2017 ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ፣ ለ2018 ደግሞ 350 ቢሊዮን ብር ገደማ አጽድቋል። በዚህ መጠን ያደገ በጀት ባለበት ከተማ ነዋሪው የሰፈሩ ጤና ጣቢያ መድኃኒት አጥቶ ወደ ግል ፋርማሲ ሲላክ መቆጣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን «በጀቱ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ መልሱ «ልማት ላይ ውሏል» የሚል ይሆናል፤ እንዲህ ያለ መልስ ደግሞ ምንም አያስጨብጥም።

ጥያቄው አንድ ተቋምና አንድ ዓመት ላይ ይወሰን። የዚያ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት በጀት መደበኛና ካፒታል (ለግንባታና ለመሰል ቋሚ ሥራ የሚውል) ተብሎ፣ መደበኛውም ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ተብሎ ተለይቶ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ለእያንዳንዱም የጸደቀው፣ በተግባር የተለቀቀውና ሥራ ላይ የዋለው ስንት እንደሆነ እንዲገለጽልዎ ይጻፉ። የሦስቱ ቁጥሮች ልዩነት ችግሩ ያለበትን ያሳያል። የጸደቀው ራሱ አነስተኛ ከሆነ ጥያቄው ለምክር ቤቱ ነው፤ ጸድቆ ካልተለቀቀ ለፋይናንስ መሥሪያ ቤቱ፤ ተለቅቆ ካልተሠራበት ለተቋሙ ኃላፊ ነው። አብዛኛው የመደበኛ በጀት ለደመወዝ ውሎ ለሥራ ማስኬጃ ጥቂት ከቀረ ደግሞ፣ ነርሷ እያለች ጓንት የሌለበትን፣ መምህሩ እያለ ጠመኔ የሚያልቅበትን ምክንያት ያስረዳል።

ጥያቄው የመረጃ ነጻነትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይቀርባል፤ አዋጁ መልስ እንዲሰጥ ያዘዘው በ30 ቀን ውስጥ ነው። መልስ ካልተሰጠ ወይም ያለ ምክንያት ከተከለከለ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ዘንድ አቤት ማለት ይቻላል። እዚህም ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያስፈልጋል።

በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍልና በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያሉትን ሠራተኞች መቆጣት ግን ፍትሐዊ አይደለም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዛቸው ማነስ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት እነርሱም ከዚሁ በጀት የሚገባቸውን ስላላገኙ ነው። የነርሷና የታካሚው ጥያቄ አንድ ነው፤ በጋራ ቢፈርሙበት ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። የጋራ አቤቱታ ሲዘጋጅ በአንድ ተቋም ተጠቃሚ የሆኑ የአንድ ወረዳ ነዋሪዎች ብቻ ይፈርሙ፤ የተገኙት ቁጥሮች ይያያዙ፤ የሚጠየቀውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጽ፤ ለምሳሌ «ለጤና ጣቢያው የመድኃኒት ግዢ የሚመደበው በጀት በሚቀጥለው ዓመት እንዲያድግ» የሚል ይሁን። ዋናው ለወረዳው፣ ግልባጩ ለክፍለ ከተማውና አካባቢውን ለሚወክሉ የምክር ቤት አባላት ይላክ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራልና በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የሚገባ አቤቱታ ዓመት ይጠብቃል። የመረጃ ጥያቄውን በጥር ያስገቡ፤ 30 ቀኑ አልፎ፣ አስፈላጊ ከሆነም እንባ ጠባቂ ዘንድ ተሄዶ፣ የጋራ አቤቱታው የመሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥያቄ ገና በሚዘጋጅበት በመጋቢት እንዲደርስ ያድርጉ።