ጠዋት ሲነሳ የሚንገጫገጭ አሮጌ ሞተር፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በጎንደር ግቢዎች ውስጥ አሮጌ ኮሮላ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዙር፣ መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ምንም እንዳልነበረ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ጥፋቱ የሚታየው በእነዚያ ጥቂት የብርድ ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ስህተቶችም እነዚያኑ ደቂቃዎች የሚያባክኑ ናቸው።

አሙቆ ወደ ጋራዥ መውሰድ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከአዘዞ ተነድቶ ፒያሳ የደረሰ መኪና ሞቋል፤ ኮፋኖው ተከፍቶ ሲደመጥ ምንም አይገኝም። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው መልስ ግምት ነው፣ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ዕቃ ያስገዛል። መኪናው ጋራዥ ይደር፤ ካልሆነም መካኒኩ ማለዳ ቤት ድረስ ይምጣ።

ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ብቻ የሚሠራ፣ ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና አለ። ሞተሩ በተነሳ በመጀመሪያው ደቂቃ፣ የተቃጠለው ጭስ ከእያንዳንዱ ሲሊንደር (ቤንዚን ከሚቃጠልበት የሞተር ክፍል) በሚወጣባቸው የብረት ቅርንጫፎች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ውሃ ያድርጉ። በሚገባ የሚያቃጥለው ሲሊንደር ቅርንጫፍ ቶሎ ስለሚግል ጠብታው ይተናል፤ በማያቃጥለው ላይ ውሃው እንዳለ ይቆያል። ጠብታ ብቻ ይሁን፤ የጋለ ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል። አንዱ ዘግይቶ ከሞቀ የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ዕቃ፣ ከነኤሌክትሪክ ገመዱ ይመርምሩ። ሁሉም እኩል ከሞቁ ግን ጥፋቱ የጋራ ነውና በብርድ ጊዜ አየር ቀንሶ ቤንዚኑን ወደሚያበዛው ክዳን (ቾክ)፣ ቤንዚንን ከአየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተርና ወደ አየር ቱቦዎች ይሂዱ።

በካቺቢቴ መጀመር

የሚኒሞውን ማስተካከያ ብሎን (ቪቴ) ማጥበቅ ጠዋት ሞተሩ እንዳይጠፋ ያደርግ ይሆናል። ከሰዓት ግን ሞተሩ ያለ ልክ ይጮኻል፣ ቤንዚንም ይበላል፣ ጥፋቱም ተሸፍኖ ይቀራል። ቀዝቃዛ ሞተር በደቂቃ ከ1,200 በላይ መዞሩ፣ ሲሞቅም ወደ 800 ገደማ መውረዱ ትክክለኛ ጠባዩ ነው። በሽታው መዋዠቁ ነው።

ከፍታውም ይታሰብ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ መተማ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል፤ ዳባትና ደባርቅ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ይህን ማስተካከል ተገቢ ቢሆንም ሌላው ጥፋት ሁሉ ከተወገደ በኋላ፣ ሞተሩም በደንብ ሞቆ የሚሠራ የመጨረሻ ሥራ ነው።

ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ መርገጥ

ካርቡሬተር ባለው መኪና እያንዳንዱ ርግጫ ጥሬ ቤንዚን ይረጫል። ቾኩ በራሱ የሚሠራ ከሆነ ከማስነሳት በፊት አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ መርገጥ ይበቃዋል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ሲረገጥ ካንዴላዎቹ ይርሳሉ። እንደ ቪትዝ ያሉ፣ ቤንዚኑ በኮምፒውተር የሚለካባቸው መኪኖች ደግሞ ሞተሩ ሳይነሳ ቢረገጡ የሚጨምሩት ነገር የለም። ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት አልነሳ ካለ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠው ይዘው ያስነሱ፤ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖም በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰከንድ በላይ አያሠሩ።

ካንዴላን ሳያዩ መጣል

የተነቀለ ካንዴላ ይናገራል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን ብዛትን ወይም ደካማ ብልጭታን፣ በቤንዚን መራስ አለመቃጠልን፣ ዘይት መልበስ ደግሞ የሞተሩን ውስጣዊ ድካም ያሳያል። ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ምልክት ሳይደረግበት ከተቀላቀለ ግን ምስክርነቱ ጠፋ።

ስለ ቤንዚኑም አይርሱ፤ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን በብርድ በደንብ ስለማይተን ደህናውን ሞተር በሽተኛ ያስመስለዋል።

የተሰነጠቀ ቱቦን በቤንዚን መፈለግ

ያረጀ ጎማ ቱቦ በብርድ ይደርቃል፣ አየር ያስገባል፤ ሲሞቅ ለስልሶ ቀዳዳው ይጠባል። ቦታውን ለማግኘት ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ ይህ መኪናን ከነባለቤቱ የሚያቃጥል ድፍረት ነው። በመርጫ ትንሽ ውሃ በቂ ነው፦ ቱቦው ላይ ሲረጭ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። የካንዴላ ገመዶችን ግን አያርጥቡ።

ተርሞስታትን ነቅሎ መጣል

ተርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ዕቃ ነው። መኪናው ቆላ ሲወርድ እንዳይፈላ ተብሎ ይነቀልና ይረሳል። ብዙ ጊዜ በ82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚከፈተው ይህ ዕቃ ከሌለ፣ በጎንደር ማለዳ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ የሚደርሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። በውሃ ሙቀት የሚሠራ ቾክ ግማሽ እንደተዘጋ ይቆያል፤ ኮምፒውተር ያለው መኪናም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን መጨመሩን ይቀጥላል። መኪናው የሚፈላ ከሆነ ራዲያተሩን ያስጠርጉ፣ ተርሞስታቱን ይመልሱ።

ተርሞስታቱ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ለኮምፒውተሩ መረጃ የሚሰጠውን የውሃ ሙቀት ሴንሰር ይለኩ። በብዙ የጃፓን መኪኖች የኤሌክትሪክ መቋቋሙ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ያሳያል። ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ሽቦው ይህ ነው፤ ባለ አንድ ሽቦው የዳሽቦርዱን መርፌ ብቻ የሚያንቀሳቅስ በመሆኑ፣ ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን ነቅለው ይዘው ይሂዱ።