ሞዱላር ሲንተሳይዘር ቃናው ሲንሸራተት፣ መጀመሪያ ፓወሩን ለካ

ሞዱላር ሲንተሳይዘር (ሞዱል ከሚባሉ ተለያይተው ከሚሰኩ ክፍሎች የሚገጣጠም የሙዚቃ መሣሪያ) ይዞልኝ የሚመጣ ሁሉ «ኦሲሌተሩ ሄዷል» ነው የሚለኝ፤ ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል ተበላሸ ማለቱ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለችው ሱቄ በብዛት የምጠግነው የሠርግ ባንድ አምፕሊፋየርና ኪቦርድ ነው፤ እነዚያንም እነዚህንም ስከፍት የምጀምረው ከፓወሩ፣ ለመሣሪያው ኃይል ከሚያቀብለው ክፍል ነው። (በድሬ ወግ «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንቺም እርስዎም እዚያው ውስጥ አላችሁ።)

ዩሮራክ በሚባለው የሞዱላር ዓይነት ላይ ቃናውን የሚያዘው ቮልት ነው፤ 1 ቮልት አንድ ኦክታቭ ነው። ለ12 ስታካፍለው ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው 83 ሚሊቮልት ገደማ ይደርስሃል። ብዙ ሞዱሎች ቃናቸውን የሚይዙት 12 ቮልቱን ተማምነው ስለሆነ፣ እሱ ትንሽ ሲዋዥቅ ጆሮህ ቀድሞ ይሰማዋል።

ትራንስፎርመሩ ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ 220 ቮልትም እዚያው ውስጥ አለ። ከ220 ጋር ሠርተህ የማታውቅ ከሆነ ክዳኑን አትንካው፤ ለሚያውቅ ሰው ስጥ። የምታውቅም ብትሆን ሶኬቱን ንቀል፣ ትልልቆቹን ካፓሲተሮች በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አራግፍ፣ ከዚያ ባዶ መሆናቸውን በቴስተር አረጋግጥ።

ሞዱሎቹን በሙሉ ነቅለህ፣ ፓወሩን ብቻ አብርተህ ለካ። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ግራውንድ ላይ አድርገህ +12፣ −12፣ ካለም +5 ማግኘት አለብህ። 7812 እና 7912 ሬጉሌተር (+12ን እና −12ን ሳይዋዥቅ የሚይዘው ክፍል) ያለበት ፓወር ከ11.5 እስከ 12.5 ከሰጠ ጤነኛ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ፓወሩ ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ባዶውን የተለካ ፓወር ግን ምንም አልነገረህም። እያጠፋህ ሞዱሎቹን አንድ በአንድ መልስ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለቱንም 12 ለካ፤ የለካኸውን ወረቀት ላይ ጻፍ። ሪባን ገመዱ ላይ ያለው ቀይ መስመር ወደ −12 ነው የሚዞረው። የጀርመኑ ዶፕፈር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤ-100 የተባለውን ሞዱላር ሲያወጣ የተከለው ሥርዓት ነው፤ ገልብጠህ ከሰካኸው ሞዱሉን ልታቃጥል ትችላለህ። አንዱን ስትሰካ ቮልቱ ዝቅ ካለ ሌባው እሱ ነው፤ መግቢያው ላይ ያለችውን 10 ኦም ሬዚስተርና አጠገቧ ያለውን ካፓሲተር እይ። ሁሉም ተሰክቶ ፓወሩ ጋ 12፣ ባስቦርዱ (ሞዱሎቹ ኃይል የሚወስዱበት ሰሌዳ) ጫፍ ላይ 11.7 ካነበብክ ደግሞ ገመዱ ቀጥኗል ወይም ማያያዣው ላልቷል።

አሁን ወደ ጉምጉምታው፤ ፓወሩ ሲታመም ከስፒከሩ ወደሚሰማው ወፍራም ድምፅ። ታይዋን ገበያ የምታገኘው ቢጫው ዲቲ-830 ቴስተር ትንሹ የኤሲ መለኪያው 200 ቮልት ስለሆነ 12ቱ ላይ የተደረበ 50 ሚሊቮልት ሞገድ አያይም። ጆሮህ ይሻላል። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ ሙሉ ሬክቲፋየር (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ያለው ፓወር ሲያጉረመርም 100 ኸርዝ ይሰጣል፣ በግማሽ የሚሠራው (ብዙዎቹ ትንንሽ የኤሲ አዳፕተር ፓወሮች) 50። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ የመጨረሻውን ታች ጂ ኖታ ንካ፦ 98 ኸርዝ ነው፣ ከሱ አንድ ኦክታቭ የሚወርደው ጂ 49። ጉምጉምታው ፓወርህ ከሚሰጠው ጋር ከገጠመ መጀመሪያ የራስህን ፓወር ጠርጥር። ፓወርህ ሙሉ ሬክቲፋየር ኖሮት 50 ከሰማህ ግን የግራውንድ ወይም የገመድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ ሥራ ነው።

ድሬ ላይ ዋናው ጣጣ ግን ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ቬንቲሌተር ሲያበራ። ባለ 15 ቮልት ትራንስፎርመር አለህ እንበል። 220 ሲገባ ከሬክቲፋየሩ በኋላ የሞገዱ ጫፍ 20 ቮልት አካባቢ ነው። መብራቱ ወደ 170 ከወረደ ጫፉ 15 ብቻ ይሆናል። 7812 ደግሞ 12 ለመስጠት ቢያንስ 14 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ይፈልጋል። ቴስተር የሚያሳይህ አማካዩን ነው፤ የሞገዱ ሸለቆ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ማታ፣ ሞዱሎቹ ሁሉ በርተው፣ የሬጉሌተሩን መግቢያ ለካ። ከ16 በታች ካነበብክ ጉምጉምታው ከየት እንደሚመጣ አውቀሃል። ካፓሲተሮቹ ያበጡ ወይም ያረጁ ከሆኑ ቀይራቸው፣ 35 ቮልትና 105 ዲግሪ የተጻፈባቸውን፤ 25 ቮልት ለዚህ ፓወር በጣም ይጠጋል። ስታቢላይዘር ይረዳል፣ ግን ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ዓይነት በቀጨ ቁጥር ቮልቱን ያዘልለዋል። ቀረጻ ላይ እኔ አልወደውም።

ተቃራኒውም አለ። ሌሊት ሰው ሲተኛ መብራቱ ከፍ ይላል፣ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ሱቄ ውስጥ 35 ዲግሪ ነው። 20 ገብቶ 12 ሲወጣ፣ ሞዱሎቹ 0.8 አምፒር ከጠጡ፣ ሬጉሌተሩ 6.4 ዋት ሙቀት ማራገፍ አለበት። ካልቻለ ራሱን ያጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዝም ብሎ ደግሞ የሚነሳ ሲንተሳይዘር በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። ራዲያተሩን (ሬጉሌተሩ የታሰረበትን የማቀዝቀዣ ብረት) አስፋ፣ ብሎኑን አጥብቅ፣ ፔስቱን አድስ። 7912ን ስትነካ ተጠንቀቅ፦ እግሮቹ እንደ 7812 አልተደረደሩም፣ ጀርባው ያለው ብረትም ግራውንድ ሳይሆን አሉታዊው መግቢያ ነው። ከሥሩ ያለችው ሚካ (ኤሌክትሪክ የማታሳልፍ ስስ ንጣፍ) ከተቀደደች ራዲያተሩን ነክቶ ሾርት ያደርጋል።

ጠግነህ ስትጨርስ በቀጥታ ዲቫይደር ላይ አትሰካው። 60 ዋት የድሮ ክር አምፖል በሲሪየስ አስገባ፤ መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ ፓወሩ ይግባ። አምፖሉ ቦግ እንዳለ ከቆየ ሾርት አለ፣ ንቀል። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ አምፖሉን አውጥተህ በቀጥታ ስካው፣ ክዳኑን አስቀምጥበት፣ ከስምንት ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ይሥራ። ሁለቱም 12 ከ11.5 ካልወረዱ ክዳኑን በብሎን እሰረው።