ለአሮጌ ፒክ አፕ ከተበተነ መኪና በተገኘ ዕቃ የኤሌክትሪክ ፋን አገጣጠም

በሞተሩ ቺንጋ የሚዞር ፋን ፍጥነቱ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ መኪናው ጭነት እንደያዘ ጅማ መርካቶ አካባቢ ተጨናንቆ ሲቆም፣ ማለትም ራዲያተሩ አየር በጣም በሚፈልግበት ሰዓት፣ ቀስ ብሎ ይዞራል። የኤሌክትሪክ ፋን ይህን ያስተካክላል፤ በዝገትና በደለል የተደፈነ ራዲያተርን ግን አያድንም። ስለዚህ አስቀድሞ ራዲያተሩ ይታጠብ፣ ቴርሞስታቱና የውሃ ፓምፑም ይፈተሹ።

ሙሉ ጭነት ይዞ የጊቤን ዳገት ለሚወጣ አይሱዙ ይህን ለውጥ አልመክርም። በረጅም ዳገት ላይ የፋብሪካው ትልቅ ፋን የሚስበውን አየር የቤት መኪና ፋን አይተካውም፤ በተጨማሪም እኛ ዘንድ የሚሠሩት አብዛኞቹ አይሱዙዎች 24 ቮልት በመሆናቸው የ12 ቮልት የፋን ሞተር ይቃጠልባቸዋል። ቀጥሎ ያለው ለ12 ቮልት ፒክ አፕ ነው።

ከተበተነ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ፋን ሲገዛ ከነፕላስቲክ ሽፋኑ መሆን አለበት። ሽፋኑ አየሩን ከራዲያተሩ ሙሉ ገጽ ያስባል፤ ያለ እርሱ ግን ፋኑ የሚያቀዘቅዘው ከፊቱ ያለውን ክብ ቦታ ብቻ ነው። የፋኑን ሞተር በባትሪ አስነስቶ ኩሻኔታው እንደማይጮህ፣ ዘንጉም እንደማይወላወል ማረጋገጥ ይገባል። ማሰሪያው ከላሜራ ተሠርቶ በራዲያተሩ የጎን ብረት ላይ በብሎን ይጠበቅ እንጂ በራዲያተሩ ክንፎች መሃል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ መታሰር የለበትም፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ ንዝረቱ ቱቦዎቹን ይበሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ሲሞቅ ፋኑን በሚያስነሳው የሙቀት ማብሪያ ላይ ነው። አንዳንዶቹ ማብሪያዎች ሲሞቁ መስመር ያገናኛሉ፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ቶዮታዎች ግን ሲሞቅ መስመር የሚያቋርጥ ማብሪያ አላቸው፤ እንዲህ ያለው ከራሱ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ጋር ካልተወሰደ ፋኑ በብርድ ዞሮ በሙቀት ይቆማል። ስለዚህ ማብሪያው ከመገጠሙ በፊት በቴስተርና በቴርሞሜትር ይፈተን። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በ95 ዲግሪ የሚሠራ ማብሪያ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቢውልም አይነቃነቅም፣ ደህናው ዕቃም ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል። ፈተናው በትንሽ ድስት ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ ጠብታ ውሃ ሳያስነኩ ቢደረግ ትክክለኛ ውጤት ይሰጣል። ከ90 እስከ 95 ዲግሪ የሚሠራ ማብሪያ ይበቃል።

ማብሪያው በላይኛው የራዲያተር ጎማ መሃል በሚገባ ጥርስ በወጣለት የብረት ቱቦ ላይ ሊታሰር ይችላል። አንድ እግር ብቻ ያለው ማብሪያ መሬት (ነጌቲቭ) የሚያገኘው በአካሉ ስለሆነና ጎማው ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፣ ከቱቦው ወደ ሻንሲ የመሬት ሽቦ መዘርጋት ግዴታ ነው።

የሽቦ ሥራው የባትሪው ነጌቲቭ ተፈቶ ይጀመራል። ለእያንዳንዱ ፋን የ40 አምፔር ሪሌና የ30 አምፔር ፊውዝ ይመደባል፤ ፊውዙም ለባትሪው ቅርብ ይሁን። ከባትሪ የሚመጣው ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ በሪሌው 30 ቁጥር ላይ፣ ወደ ፋኑ የሚሄደው በ87፣ ከመኪናው ቁልፍ የሚመጣው በ86 ይታሰራል፤ 85 ሲሞቅ መስመር ወደሚያገናኘው ማብሪያ ይሄዳል። ከ85 ወደ መሬት የሚወርድ ሌላ በእጅ የሚሠራ ማብሪያ ከመሪው አጠገብ ቢጨመር፣ የሙቀት ማብሪያው መንገድ ላይ ቢበላሽ ሾፌሩ ፋኑን ራሱ ያስነሳል።

የቀድሞው ፋን ሲወጣ በብዙ ቶዮታዎች የውሃ ፓምፑን ፑሊ የያዙት ብሎኖች እነዚያው የፋኑ በመሆናቸው፣ ፑሊው ተመልሶ በልኩ መጥበቅ አለበት።

በመጨረሻ ፋኖቹና የፊት መብራቱ እየሠሩ፣ ሞተሩ ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ ብሎ የባትሪው ቮልቴጅ ይለካ። ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው አልቻለም ማለት ነው፤ በትልቅ መለወጥ አለበት። ከዚያም ኮፈኑ ተዘግቶ፣ ጭነት ተይዞ፣ ወደ ጅሬን ኮረብታ በዝግታ ይወጣ። የቀድሞው ፋንና ብሎኖቹ ግን መኪናው በቀትር ፀሐይ የጊቤን ዳገት ሳይሞቅ እስኪወጣ ድረስ ከመቀመጫው ኋላ ይቀመጡ።